ቡናው የካፋ፣ ኬሚስትሪው የማን?

በየዓመቱ የዲፓርትመንት ምደባ ሲለጠፍ፣ ከጊምቦም ይሁን ከዴቻ ወይም ከጨና ተነስተው ዩኒቨርሲቲ የገቡ የካፋ ልጆች ቤተሰቦቻቸው ጋ ይደውላሉ። ሕክምና ለደረሰው እልል ይባልለታል። ምሕንድስና ወይም ፋርማሲ የደረሰውም ደስ ብሎት ያወራል። «ኬሚስትሪ ደረሰኝ» የሚለው ልጅ ግን ድምፁ ዝቅ ይላል። ስልኩን የያዘችው እናትም «አይዞህ፣ እሱም ቢሆን ዲግሪ ነው» ትለዋለች። ለማጽናናት ነው እንግዲህ።

እኔ ሐኪም ነኝ። ካፋ ተወልጄ ጅማ ሕክምና ተማርኩ፤ የምሠራውም ከሕፃናት ጋር ነው። «ታዲያ ኬሚስትሪ ምን አገባሽ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የሚያገባኝ በሁለት በኩል ነው። አንደኛው፣ በየቀኑ የማዝዘው መድኃኒትና የማነበው የላቦራቶሪ ውጤት በሙሉ የኬሚስትሪና የባዮኬሚስትሪ ልጅ ነው። ሁለተኛው፣ የትውልድ አካባቢዬ ታሪክ ከአንድ ሞለኪውል ጋር ተጣብቋል፤ ካፌይን ከሚባለው።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይባላል። የቡና ታሪክ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ይጀምራል፤ የቡና ኬሚስትሪ ታሪክ ግን ሌላ ቦታ ነው የተጻፈው። ልዩነቱን የፈጠረው ዘሩ አይደለም፣ አፈሩ አይደለም፣ የሰው አእምሮም አይደለም። ወጣት ተማሪን ከመምህርና ከቤተ ሙከራ ጋር የሚያገናኝ ትምህርት በአንዱ ቦታ መኖሩ፣ በሌላው አለመኖሩ ነው። ያ ትምህርት ዛሬ ቦንጋ ድረስ ደርሷል። እኛ ግን አሁንም «እሱም ቢሆን ዲግሪ ነው» እንላለን። ይህን ታሪክ ለዚህ የመገናኛ መጽሐፋችን የጻፍኩት ለዚህ ነው። («ዓ.ም.» ያላልኩባቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።)

አንድ እፍኝ ቡና በጄና

በ1819 በጀርመኗ ጄና ከተማ ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንጌ የሚባል በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ ወጣት ነበር። የሚያጠናው ሕክምና ነው፤ ልቡ ግን ኬሚስትሪ ላይ ነው። የኬሚስትሪ መምህሩ ዮሐን ዶበራይነር ነበሩ። ስማቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ፔሪዮዲክ ቴብል አመጣጥ ስንማር «የዶበራይነር ትሪያድ» እያልን የሸመደድናቸው ሰው ናቸው።

ሩንጌ የቤላዶና ተክል ጭማቂ የድመትን የዓይን ብሌን እንደሚያሰፋ አሳየ። ዛሬ የዓይን ሐኪሞች ለዚሁ ሥራ የሚጠቀሙበት አትሮፒን የሚገኘው ከዚህ ዓይነት ተክል ነው። ዶበራይነርም ተማሪያቸውን ከታላቁ ደራሲ ከጎተ ጋር አገናኙት። ጎተ ሙከራውን በዓይናቸው አይተው ተደሰቱ፤ ከዚያም ጥቂት የቡና ፍሬ ሰጥተው ይህንንም እንዲመረምር አበረታቱት። ብዙ ሳይቆይ ሩንጌ ከዚያ ፍሬ ነጭ ክሪስታል ነጥሎ አወጣ። ዛሬ ካፌይን የምንለው እሱን ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ የምለው ሦስት ነገር ነው፦ የሚጠይቅ ተማሪ፣ ቤተ ሙከራ ያለው መምህር፣ አንድ እፍኝ ቡና። በዚያው በ1819 ካፋ «ታቶ» በሚባል ንጉሥ የሚመራ ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር። ሦስተኛው ነገር በደኑ ውስጥ ሞልቶ ተርፏል። የሚጠይቅ ልጅም አይጠፋም ነበር። የጎደለው መካከለኛው ነው።

ከሰባ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1895፣ ጀርመናዊው ኤሚል ፊሸር ቡና ሳይነካ ካፌይንን በቤተ ሙከራ ሠራ። በ1897 ደግሞ የሞለኪውሉን አወቃቀር አረጋገጠ፤ ስምንት ካርቦን፣ አሥር ሃይድሮጅን፣ አራት ናይትሮጅን፣ ሁለት ኦክስጅን። ፊሸር ካፌይን፣ ሪህ የሚያመጣው ዩሪክ አሲድና በዲኤንኤ ውስጥ ያሉት አዴኒንና ጓኒን የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን አሳየ፤ ቤተሰቡንም ፒዩሪን አለው። በዚህና በስኳሮች ላይ በሠራው ሥራ በ1902 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

1897 ለካፋ ሌላ ትርጉም አለው። የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የመጨረሻውን ንጉሥ፣ ታቶ ጋኪ ሸሮቾን፣ የማረከበትና የካፋ መንግሥት ያበቃበት ዓመት ነው። የካፌይን ቀመር በርሊን ላይ ሲጻፍ፣ ካፋ ላይ ሰው ስለ ሕይወቱና ስለ መሬቱ ነበር የሚጨነቀው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መዋላቸው አጋጣሚ ነው። ቢሆንም ቤተ ሙከራ ሰላምን፣ ትምህርት ቤትንና ጊዜን እንደሚፈልግ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበል። ካፋ ውስጥ «ኮፊ» እና «ካፌይን» የሚሉት ቃላት ከአካባቢያችን ስም የተወሰዱ ናቸው ብለን ነው ያደግነው። የቋንቋ ሊቃውንት በዚህ አይስማሙም፤ ብዙዎቹ ወደ ዓረብኛው «ቀህዋ» ይወስዱታል። በካፊ ኖኖ ቡና «ቡኖ» ነው። ለእኔ ክርክሩ ያን ያህል አያሳስበኝም። የአረቢካ ቡና የዱር ዘር ዛሬም ደናችን ውስጥ አለ፤ ዩኔስኮም በ2010 የካፋን የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ መዝግቦታል። ስሙ ተገኘም አልተገኘ፣ ጉድለቱ ሌላ ነው።

ዲግሪው ወደ አገራችን ሲገባ

በኢትዮጵያ ሳይንስን በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ ማስተማር የተጀመረው በ1950 አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ ላይ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ኮሌጁ ኪነ ጥበብና ሳይንስ ያስተምር ነበር፤ አራት ኪሎም እስከ ዛሬ የሳይንስ ግቢ ሆኖ ቀርቷል። በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። በ1961 የተለያዩት ኮሌጆች ተጠቃለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። የሕክምና ፋኩልቲው ደግሞ በ1964 መጣ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። የሳይንስ ትምህርቱ ከሕክምናው በአሥር ዓመት በላይ ይቀድማል። የመጀመሪያዎቹ ሐኪም የሚሆኑ ልጆች ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እዚህ ተምረው ነበር ለሕክምና ወደ ውጭ የሚሄዱት። አገር ውስጥ ሕክምና ከተጀመረም በኋላ መንገዱ በሳይንስ ፋኩልቲ በኩል ነበር። ኬሚስትሪ ከጥንቱም የሕክምና በር ሆነ። በር መሆን ክብር አለው፤ ችግሩ በር ላይ የሚቆም ሰው አለመኖሩ ነው። ሁሉም አልፎ ይገባል። ማለፍ ያልቻለው ብቻ እንደቀረ ተደርጎ መታየት የጀመረውም ከዚያ ይመስለኛል።

ወደ እኛ አካባቢ ስንመጣ ታሪኩ በእርሻ ይጀምራል። የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1952 ተከፈተ። ያኔ ጅማ የካፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ስለነበረች፣ ከቦንጋ ተነስቶ ጅማ የሚሄድ ተማሪ ከጠቅላይ ግዛቱ ሳይወጣ ነው የሚማረው። በ1983 የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተመሠረተ። ሁለቱ በ1999 ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ማኅበረሰብ አቀፍ የሚባለው የትምህርት ፍልስፍና ከዚህ የመጣ ነው። በሲቢቲፒ ቀበሌ ለቀበሌ የዞርን ሁሉ ጭቃውንም፣ የሰጡንን ቡናም አንረሳውም።

ባዮኬሚስትሪስ? በአገራችን ባዮኬሚስትሪ በአብዛኛው ለብቻው የቆመ የመጀመሪያ ዲግሪ ሆኖ አላደገም። የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ተማሪ እንደ አንድ ኮርስ ይወስደዋል፤ የሕክምና ተማሪ በቅድመ ክሊኒክ ዓመታት ይማረዋል፤ ከዚያ በላይ የፈለገ በማስተርስ ያገኘዋል። በሌላው ዓለም «ኬሚስትሪና ባዮኬሚስትሪ» ተብሎ በአንድ ላይ እንደ ዲግሪ የሚሰጠው ትምህርት፣ እኛ ዘንድ በሁለት ግቢ ተከፍሎ የኖረ ነው። ኬሚስቱ ሕያው ሴል ሳያይ ይመረቃል፤ ሐኪሙ ደግሞ ክሬብስ ሳይክልን ለፈተና ሸምድዶ፣ አንድ ኢንዛይም በእጁ ሳይለካ ዎርድ ይገባል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ለውጦች ፈጣን ነበሩ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ፤ ፍሬሽማን ቀረ። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሰባው በመቶ ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደብ ተወሰነ። በአንድ ጊዜ የኬሚስትሪ ክፍሎች ሞሉ። ክፍሉ በሞላበት ፍጥነት ግን ፊውም ሁድ፣ ሚዛንና መስታወት ዕቃ አልተሟላም። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመልሶ መጣ። ቀጥሎም በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ትናንት ተማሪ ያጨናነቃቸው የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍሎች ዛሬ ተማሪ ፈላጊ ሆኑ። ኬሚስትሪ አንድ ጊዜ በብዛት፣ አንድ ጊዜ በማነስ ተጎዳ ማለት ይቻላል።

በዚህ ሁሉ መሐል ግን ትልልቅ ሰዎች ወጥተዋል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት እንዶድ የብልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አስተዋሉ። ለዚህ ሥራ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል። በእንዶድ ውስጥ ያለው ገዳይ ንጥረ ነገርም በስማቸው «ለማቶክሲን» ተባለ። ንጥረ ነገሩ ተነጥሎ የወጣው ግን አሜሪካ ውስጥ ነው። እንደ ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜ ያሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ደግሞ የእሬትን፣ የከርቤንና የዕጣንን ይዘት እዚሁ አገር ውስጥ ሆነው መርምረዋል። ከ1987 ጀምሮ የኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ የራሱን የምርምር መጽሔት ያሳትማል። ስለዚህ «አንችልም» የሚባል ነገር የለም። ጥያቄው ስንት ሰው፣ በስንት ቦታ የሚለው ነው።

ሦስት መቶ ዛፎች

ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ ግልጽ የሚያደርግልኝ የሚከተለው ታሪክ ነው። በ1964 እና 1965 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ያሰማራው የባለሙያዎች ቡድን ካፋን ጨምሮ በኢትዮጵያ የቡና አካባቢዎች እየዞረ ዘር ሰበሰበ። በዘመኑ የዕፅዋት ዘር የዓለም የጋራ ሀብት ተደርጎ ይታይ ስለነበር ማንም የከለከለ አልነበረም። ዘሩ ኮስታሪካን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች ተተከለ። ከዚያም ብራዚል፣ ካምፒናስ ወደሚገኘው የእርሻ ምርምር ተቋም ደረሰ።

በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ግኝት አወጡ። ወደ 300 ከሚጠጉ የኢትዮጵያ ቡና ተክሎች የተገኙ 3,000 ዛፎችን አንድ በአንድ ፈትሸው፣ በተፈጥሯቸው ካፌይን የለሽ ሊባሉ የሚችሉ ሦስት ዛፎች አገኙ። የተለመደው የአረቢካ ዝርያ በአንድ ግራም ውስጥ 12 ሚሊግራም ገደማ ካፌይን ሲኖረው እነዚህ አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞሉም። ምክንያቱ ባዮኬሚስትሪ ነው። የቡና ተክል ካፌይንን የሚሠራው ሜቲል የሚባል ቁራጭ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ከመጨረሻው ደረጃ በፊት ያለው ቴኦብሮሚን ይባላል፤ በቸኮሌት ውስጥ የምናገኘው ነው። የመጨረሻዋን ሜቲል የሚጨምረው ኢንዛይም በነዚህ ዛፎች ውስጥ በአግባቡ አይሠራም። ስለዚህ ቴኦብሮሚን ይከማቻል፤ ካፌይን አይሠራም።

ዜናው አገር ቤት ሲሰማ ቁጣ አስነሳ። «ዘራችን እንዴት ወጣ?» ተባለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አገራችንም በ1998 ዓ.ም. የጄኔቲክ ሀብትን አጠቃቀምና የማኅበረሰብ መብትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482ን አወጣች። ዛሬ ከካፋ ደን ዘር ይዞ ለመውጣት ፈቃድና የጥቅም መጋራት ስምምነት ያስፈልጋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

አዋጁ ግን ግማሹን ጥያቄ ብቻ ነው የሚመልሰው። የዚህ ዘር እናቶች እኛ ደን ውስጥ ነበሩ። ታዲያ 3,000 ዛፍ ተራ በተራ ፈትሾ ካፌይኑን የለካልን ማን ነው? የካምፒናስ ተቋም የተመሠረተው በ1887 ነው፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፍራንዝ ዳፈርት የሚባል የእርሻ ኬሚስት ነበር። ብራዚል ቡናን ከወሰደች በኋላ የቡናን ኬሚስትሪ ለመማር ከመቶ ዓመት በላይ ኢንቨስት አድርጋለች። ያ ግኝት የመጣው በአንድ ሊቅ ብልጭታ አይደለም። ናሙና የሚፈጭ፣ የሚያጠል፣ የሚለካ፣ ቁጥሩን በደብተር የሚጽፍ፣ ነገ ደግሞ ያንኑ የሚደግም ሰው ይፈልጋል። ይህ ሰው የሚሠራው በመጀመሪያ ዲግሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ዘራችንን በሕግ ልንጠብቀው እንችላለን፤ የምናውቀው ግን በኬሚስት ነው።

ከደኑ እስከ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል

አሁን ወደ እኔ ሥራ ልምጣ። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን አንዳንድ ጊዜ መተንፈስ ይረሳል። አንጎሉ ገና ስላልበሰለ ትንፋሹ ለሃያ ሰኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ይቆማል፤ ልቡ ይዘገያል፤ ከንፈሩ ይጠቁራል። ነርሷ እግሩን ነካ ስታደርገው እንደገና ይተነፍሳል። አንዲት ነርስ ደግሞ ስንት ሕፃን እንደምትጠብቅ እናንተው ታውቃላችሁ።

ለዚህ ችግር የሚሰጠው ዋናው መድኃኒት ምን ይመስላችኋል? ካፌይን ነው። በሰውነታችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ በአንጎል ላይ ባሉት ተቀባዮች ላይ ተቀምጦ «ዝግ በል» ይላል። ካፌይን የአዴኖሲን ዘመድ ስለሆነ ወንበሩን ይይዝበታል። አዋቂው ይነቃል፤ ጨቅላው ይተነፍሳል። ፊሸር የጻፈው የፒዩሪን ቤተሰብ ዝምድና እዚህ ላይ ነው ሥጋና ደም የሚለብሰው።

ከ2,000 በላይ ጨቅላዎች የተሳተፉበት ዓለም አቀፍ ጥናት ውጤት በ2006 እና በ2007 ታትሟል። ካፌይን ያገኙት ሕፃናት ሥር የሰደደ የሳንባ ጉዳት ቀንሶላቸዋል፤ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆናቸውም ሴሬብራል ፖልዚ ያጋጠማቸው ጥቂት ሆነው ተገኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ካፌይንን ለዚህ ሕመም እንድንሰጥ በጥብቅ ይመክራል።

አወሳሰኑም ትምህርት ነው። እኔና እናንተ የጠጣነው ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን በአምስት ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጉበታችን ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሜቲሎቹን እየነቀለ ይጥለዋል። ጊዜው ሳይደርስ በተወለደ ሕፃን ይህ ኢንዛይም ገና አልነቃም። ስለዚህ ግማሹ እስኪወጣ እስከ አራት ቀን ሊፈጅ ይችላል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መስጠት የሚበቃው ለዚህ ነው። ካፌይን በማይገኝበት ቦታ ሐኪም አሚኖፊሊን ይሰጣል። በውስጡ ያለው ቴኦፊሊን ይሠራል፤ ግን ልብን ያፈጥናል፣ በሚጠቅመውና በሚጎዳው መጠን መካከልም ያለው ርቀት ጠባብ ነው። የሚገርመው፣ የጨቅላው ጉበት ከቴኦፊሊን ከፊሉን ሜቲል ጨምሮበት ወደ ካፌይን ይለውጠዋል። የቡና ዛፍ ቅጠሉ ውስጥ የሚሠራውን የሚመስል ሥራ አንድ ኪሎ የማይሞላ ሕፃን ጉበቱ ውስጥ ይሠራል ማለት ነው።

ይህን የሚያውቅ ሐኪም መጠኑን ሲያስተካክል በጭፍን አይደለም። ባዮኬሚስትሪ «ለፈተና ብቻ» አይደለም የምለውም ለዚህ ነው። በሙያ ዘመኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች «ሪኤጀንት አለቀ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልቆጥረውም። የኬሚስትሪ ማሽኑ ቆሟል፤ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ የለም፤ ታካሚው ወደ ሌላ ከተማ ይላካል። ማሽኑን የሚያስተካክል፣ ሪኤጀንት የሚያዘጋጅ፣ ውጤቱ ልክ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው በአካባቢው ቢኖር ስንቱ ከመንገድ ይቀር ነበር? ሐኪም ብቻውን ሆስፒታል አይሆንም።

ቦንጋ ላይ ምን አለ?

ቦንጋ ዛሬ በ2021 የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ናት። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፤ ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ አላት። የኬሚስትሪ ትምህርትም እዚያው ይሰጣል። ማለትም ሩንጌ የነበሩት ሦስት ነገሮች፣ ተማሪው፣ መምህሩና ቡናው፣ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ከተማ ውስጥ ተገናኝተዋል። ይህን ቀላል ነገር አድርገን ማየት የለብንም።

አንድ የቦንጋ የኬሚስትሪ ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው ርቆ መሄድ አያስፈልገውም። በ2008 የአገራችን ተመራማሪዎች ከቤንች ማጂ፣ ከጌዴኦ ይርጋ ጨፌና ከጎደሬ የመጡ የቡና ፍሬዎችን ካፌይን ለክተው ሁሉም ከአንድ በመቶ ጥቂት ከፍ እንደሚሉ አሳይተዋል። የተጠቀሙበት ዩቪ ስፔክትሮሜትር በብዙ ግቢዎቻችን የሚገኝ መሣሪያ ነው። የካፋን የዱር ቡና ከጫካ ጫካ እያወዳደሩ እንዲሁ መለካት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከጥሩ መምህር ጋር የሚወጣው ሥራ ነው። ምናልባት አራተኛው ካፌይን የለሽ ዛፍ እዚያው ቆሞ ይሆናል፤ ሳይለኩ አይታወቅም።

ማሩም አለ። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ የማር እርጥበት ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ማር ሲሞቅ ወይም ሲያረጅ ኤችኤምኤፍ የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛበታል፤ የእሱም ወሰን ተቀምጧል። የካፋ ማር ውጭ አገር ገበያ ሲደርስ የሚጠየቀው ይህ ቁጥር ነው። ንቡም ቢሆን ከኬሚስትሪ አልራቀም፤ በ2013 የወጣ ጥናት በቡና አበባ ወለላ ውስጥ ያለው ጥቂት ካፌይን ንቦች የአበባውን ሽታ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲያስታውሱ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። የኮረሪማ ሽታ የሲኒዮልና የመሰሎቹ ዘይቶች ሥራ ነው። ቡና ስንቆላ ትሪጎኔሊን የተባለው ንጥረ ነገር በከፊል ወደ ናያሲን፣ ማለትም ወደ አንድ የቫይታሚን ቢ ዓይነት፣ ይለወጣል። ኬሚስትሪና ባዮኬሚስትሪን በአንድ ላይ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ የመማሪያ መጽሐፍ አላውቅም። የካፋ ተማሪ ምሳሌዎቹን ሁሉ ከእናቱ ጓዳ ያውቃቸዋል፤ የሚቀረው መለካት ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

በየመገናኛ በዓላችን ትዝታ እናወራለን፤ ደግ ነው። ዘንድሮ ከትዝታው ጎን አራት ነገሮች ብናስብ እላለሁ።

አንደኛ፣ በተለያየ የጤና ተቋም የምንሠራ ሐኪሞች የኬሚስትሪ ተማሪዎችን ለልምምድ ወደ ላቦራቶሪያችን እንጥራቸው። አንድ ወር ከክሊኒካል ኬሚስትሪ ማሽን ጋር ያሳለፈ ተማሪ ትምህርቱ ለምን እንደሚጠቅም ሌላ ሰው እንዲነግረው አይፈልግም።

ሁለተኛ፣ በጅማ የምታስተምሩ መምህራን ከቦንጋ ባልደረቦቻችሁ ጋር የመመረቂያ ሥራ በጋራ አማክሩ። መሣሪያው ጅማ ካለ ናሙናው ከቦንጋ ይምጣ። መንገዱ ድሮም የአንድ ጠቅላይ ግዛት መንገድ ነበር።

ሦስተኛ፣ በውጭ አገር ያላችሁ ምሩቃን ለማኅበሩ ገንዘብ ስትልኩ ከሕንፃና ከድግስ ቀድሞ ለሪኤጀንት፣ ለመስታወት ዕቃና ለጥገና ይዋል በሉ። አንድ ማሽን ገዝቶ መስጠት ፎቶ ያወጣል፤ ማሽኑ በሦስተኛው ዓመት እንዲሠራ ማድረግ ግን ፎቶ የለውም። የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው።

አራተኛውና ወጪ የሌለው፣ አነጋገራችንን እናስተካክል። የሚቀጥለው የምደባ ጊዜ ሲደርስ ከየቤታችን አንድ ልጅ ደውሎ «ኬሚስትሪ ደረሰኝ» ማለቱ አይቀርም። ያኔ «አይዞህ» አንበለው፤ ሰው «አይዞህ» የሚባለው ጉዳት ሲደርስበት ነው። እንኳን ደስ ያለህ እንበለውና ቀጥለን ምን መለካት እንደሚፈልግ እንጠይቀው። መልሱን ባያውቀው እንኳ ጥያቄው ይዞት ይሄዳል።